«እማ» ሲል የመለሰችው

አስቀድሜ ልናገር። ይሄ ወሬ ሰው ለማስፈራራት የተፈጠረ አይደለም። ሆኗል።

ማመን ያቃተው አንብቦ ይለፈው፤ አልጣላውም። እኔ የምጽፈው የሰማሁትን ነው።

ደግሞ ውድቅት፣ መቃብር፣ ጅብ የሚጮህበት ጫካ እንዳትጠብቁ። ቦታው ደብረ ብርሃን ነው። ጊዜው ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የግቢው ሰው ልብስ አጥቦ አስጥቷል። የሆነ ቤት ሬዲዮ ይጮሃል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች…

በዚያ ሰዓት ነው የሆነው።

የነገረችኝ የደረሰባት ሴት ራሷ ናት፤ በስልክ። ፊቷን አይቼው አላውቅም። ድምፅዋ ግን ለስለስ ያለ፣ ሰምተው የማይጠግቡት ድምፅ ነው። ስሜን አታንሺ ስላለችኝ ባዩሽ እላታለሁ።

ባዩሽ የደነባ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቋንቋ መምህርት ነበረች። የምታጠናው ነገር ለሌላው ሰው ጨዋታ ይመስላል፤ ሕፃናት አፋቸውን ሲፈቱ መጀመሪያ የሚያወጡትን ቃል ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ቤት ለቤት ትዞራለች። ስልኳን ለቅጂ ከፍታ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጥና ሕፃኑ እስኪናገር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

አንድ ሕግ አላት። ሕፃኑ ሲናገር ማንም አይመልስለትም። እናቱም ብትሆን።

«ዝም በሉ» ትላቸዋለች። «መልስ ከገባበት ቅጂው ይበላሽብኛል።»

እናቶቹ እየተቁነጠነጡም ቢሆን ዝም ይላሉ። የተማረ እንግዳ እንዳይከፋ ብለው ነው። አንኮበር ላይ ግን ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል እናት እምቢ አለቻት።

«ልጅ መጀመሪያ ሲጣራ ዝም አይባልም» አለቻት ልጇን ወደ ደረቷ እያስጠጋች።

«ለምን?»

«እናት ዝም ካለች… የምትመልስ አትጠፋም።»

ባዩሽ ሳቀች። የሴትዮዋንም ነገር ይዛ መጥታ ለተማሪዎቿ አወራችላቸው። እነሱም ሳቁ።

የዚያን ቀን ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ጽፋ ነበር። «እማ»።

«ይቺ ቃል የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

«የእኛ» አሉ።

«ግዕዝ እናትን እም ይላታል። ከዚያ ወጣች እንበል። ዕብራይስጡስ? እሱም ኢማ ይላል። ዓረብኛው ኡም። እሺ፣ እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው። ስዋሂሊው ማማ ሲል ግን ከግዕዝ ተበድሮ ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ጨምሩበት። ጆርጂያ በምትባል አገር ማማ ማለት አባት ነው። ጃፓን ሕፃን ማንማ ካለ ምግብ ማለቱ ነው።»

ተማሪዎቹ ጉድ አሉ። ባዩሽ ይሄን ጊዜ ትወደዋለች።

«ነገሩ ቀላል ነው። ሕፃን ጡት ሲጠባ አፉ የሚያውቀው ከንፈር መግጠምን ነው። ከንፈሩን ገጥሞ ድምፅ ሲያወጣ ም ትሆናለች። ማንንም አልጠራም። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለ ሰው ‹እኔን ነው› ይላል። እዚህ እናት ትላለች፣ እዚያ አባት ይላል። ድምፁን የሚያወጣው ልጁ ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ግን ቀድሞ የመለሰለት ነው።»

ተማሪዎቹ ጻፉ። እሷም በራሷ አባባል ተደስታ ሰሌዳውን አጠፋችው።

ቤቷ ግን ሌላ ጉድ ነበር።

ልጇ ቃለ አብ ይባላል። አስራ አንድ ወሩ ነው። የሰዉን ልጅ ሁሉ አፍ መፍታት ስትጠብቅ የምትውለው ሴት፣ የራሷ ልጅ አንዲት ቃል አልወጣውም። ባሏ ፍቃዱ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

«ቃል ያጣው ቃለ አብ» ይላል፣ ልጁን ወደ ላይ እያጓነ።

ባዩሽ አትስቅም። የሚያንገበግባት ዝምታው አልነበረም። አፊፋ ነበረች።

አፊፋ ሞግዚቷ ናት። የአልዩ አምባ ሴት፣ አራት ልጅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች። እጇ ላይ ልጅ አያለቅስም። ባዩሽ ማታ ከሥራ ስትመለስ ቃለ አብ አፊፋ ጀርባ ላይ ታዝሎ ታገኘዋለች። «ና ወደ እማ» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ልጁ ፊቱን የአፊፋ ትከሻ ውስጥ ይቀብራል።

«ደክሞት ነው እትዬ» ትላለች አፊፋ ቶሎ ብላ።

እሷ አፅናናሁ ብላ ነው። ባዩሽ ግን ሻወር ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ አልቅሳ ታውቃለች። በገዛ ልጇ ላይ እንጀራ እናት የሆነች ይመስላት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። የመጀመሪያው ቃል። እሷ ሥራ ላይ ሆና ልጁ አፊፋን «እማ» ቢላትስ? አፊፋስ «ወዬ» ብላ ብትመልስለትስ?

ስለዚህ ያን ቅዳሜ መላ መታች።

«አፊፋ፣ ገበያ ሂጂልኝ። ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት… ደረቅ ያለውን ለይተሽ።»

«ቃልዬን ልዘለው?»

«እሱ እዚህ ይቀራል። ከእናቱ ጋር።»

አፊፋ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። ባዩሽ የውጪው በር ሲዘጋ ሰማች። ስልኳን ከፍታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ረጅም ጊዜ ጠበቀች።

ልጁ ፀሐይዋ ላይ ተቀምጦ በባልዲ ክዳን ይጫወታል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል…

ልጁ ክዳኑን ጣለ።

ቀና አለ።

«እማ» አለ።

የባዩሽ ልብ ቀጥ አለ። እንባዋ መጣ። «ወዬ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ…

ዋጠችው።

ሕግ ሕግ ነው። አንዴ ይድገመው፣ ጥርት ብሎ ይቀዳልኝ፣ ከዚያ እስክጠግብ እመልስለታለሁ፣ አለች በሆዷ። የተማረ ሰው ሲሳሳት እንኳ በሥርዓት ነው የሚሳሳተው።

ልጁ ጠበቀ።

ያኔ አንድ ነገር አስተዋለች። እሷን አያይም። የሚያየው ገርበብ ያለውን በር ነው።

«ወዬ…»

ከመኝታ ቤት ነው የመጣው። ቀስ ያለ የሴት ድምፅ።

ልጁ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዳኸ። በሩን በግንባሩ ገፋ አድርጎ ገባ።

እናንተ ብትሆኑ ትጮኻላችሁ፤ እኔም እጮህ ነበር። ባዩሽ አልጮኸችም። ደሟ ነው የፈላው። አፊፋ ናት! በጓሮ ዞራ ገብታ ተደብቃ ኖሯል! አስራ አንድ ወር የጠበቅኩትን ቃል ከአፌ ነጠቀችኝ!

«አፊፋ!» ብላ በሩን በረገደችው።

ማንም የለም።

ልጁ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ታቅፎ ቆይቶ ገና አሁን እንደወረደ ልጅ። መስኮቱ ዝግ ነው። አልጋው ላይ፣ ጠዋት ራሷ ያነጠፈችው ብርድ ልብስ ሰው የተቀመጠበት ያህል ሰርጉዷል።

ያን ጊዜ የግቢው በር ሲጥ አለ። አፊፋ ዘንቢሏን ይዛ እያለከለከች ገባች።

«መቼ ነው የተመለስሽው?»

«አሁን እትዬ። ምነው?»

«ማን ነው የመለሰለት?»

«ለማን?»

«አትቀልጂብኝ!»

አፊፋ ግራ ገብቷት ቆመች። ዘንቢሉ ውስጥ ድንቹ ከነአፈሩ ነው፤ ጫማዋም የገበያ አቧራ ለብሷል። ባዩሽ ይሄን ሁሉ አየች። ግን ቅናት የያዘው ሰው ዓይኑ ያየውን አያምንም፤ ሆዱ ያለውን ነው የሚያምነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ይዛነፉ ጀመር።

ባዩሽ ለምሳ መጥታ ጡቷን ስትሰጠው ቃለ አብ ፊቱን አዞረ። ሆዱ ሞልቷል። ከንፈሩ ጠርዝ ላይ የወተት ጠብታ አለ… ሞቅ ያለ። ቤት ውስጥ ወተት አልነበረም።

ሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት በችኮላ አጣማ የቆለፈችለት የሹራብ ቁልፍ ማታ ስትመጣ ተስተካክሎ ተቆልፏል። ጥፍሩ ተቆርጧል። ፀጉሩ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ትንሿ ቁንጮው ተበጥራለች።

«ማን ቀባው?»

«እርስዎ መስለውኝ» አለች አፊፋ።

ባዩሽ ጥርሷን ነከሰች። ለፍቃዱ ነገረችው። እሱ ሳቀ።

«ሞግዚት ጎበዝ ሆነችብኝ ብላ የምትከስ ሴት አንቺን አየሁ።»

«ልጄን እየወሰደችብኝ ነው ፍቄ!»

«ወዴት? አልዩ አምባ?» ብሎ ተኛ።

በሳምንቱ አፊፋ ራሷ መጣች። ኩሽና በር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች።

«እትዬ… አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ምን?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀን ቀን ቤት ሲመጡ ለምን አይነግሩኝም?»

«መቼ መጣሁ?»

«ትናንት። ከትናንት ወዲያም። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ቃልዬ ‹እማ› አለ። እርስዎ መኝታ ቤት ሆነው ‹ወዬ› አሉት። ከዚያ ሲያጫውቱት፣ ሲያባብሉት ቆዩ። እናትና ልጅን እንዳልረብሽ ብዬ ነው ያልገባሁት… ስጨርስ ብገባ ግን የሉም።»

ባዩሽ ይሄን ስትሰማ ሁለት ነገር ማሰብ ትችል ነበር። የመረጠችው መጥፎውን ነው።

«‹እማ› ይልሻል ማለት ነው።»

«እኔን አይደለም እኮ እትዬ…»

«እኔ ሥራ ላይ ስውል ‹እማ› ብሎ ሲጣራ የምትመልሽለት አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ እኔን እብድ ልታደርጊኝ ነው።»

«ወላሂ እትዬ! በልጆቼ እምላለሁ!»

«ልብስሽን ሰብስቢ።»

አፊፋ አልተከራከረችም። የሠራችበትን ተቀብላ ልብሷን በጥቁር ፌስታል ቋጠረች። ቃለ አብን ግንባሩን ሳመችው።

«አላህ ይጠብቅህ የኔ ጌታ» አለች። እንባዋ ጉንጩ ላይ ወረደ።

ባዩሽ እጇን አጣጥፋ ቆማ ትጠብቃለች። ልጁ አሁን እየጮኸ እንደሚያለቅስ አውቃለች። እንዲያለቅስም ተዘጋጅታለች፤ አቅፋ ልታባብለው፣ በዚያው ልትወስደው።

አፊፋ ወጣች። የግቢው በር ተዘጋ።

ልጁ አላለቀሰም።

አፊፋ የሄደችበትን አቅጣጫ ዞሮም አላየም። ሲያይ የነበረው የመኝታ ቤቱን በር ነው። ፈገግ ብሏል።

ባዩሽ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ ብርድ ያላት። አፊፋን ጥሪ ጥሪ አላት። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባትና ቆማ ቀረች።

በነጋታው ስልኳ ጮኸ። ካሳሁን ነው፤ ቢሮ አብሯት የሚሠራ፣ ቅጂዎቹን እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥላት ሰው።

«ባዩ፣ የዚያን ቅዳሜ የላክሽልኝን የልጅሽን ቅጂ ገና አሁን ሰማሁት። እንኳን ደስ አለሽ!»

«አመሰግናለሁ።»

«ግን ሕግሽን አፈረስሽ» ብሎ ሳቀ። «እኛን ‹ዝም በሉ› እያልሽ…»

«እኔ አልመለስኩም።»

«ወዬ ብለሽዋል እኮ።»

«ሞግዚቷ ናት ካሳሁን።»

«ኧረ ባዩ… ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን ድምፅሽን አላውቀውም? አንቺ ነሽ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስልኩን ዘግታ ቅጂውን ከፈተች። ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«እማ።»

ዝምታ። የራሷ ትንፋሽ ይሰማል፣ ከቅርብ። ከዚያ፣ ከሩቅ…

«ወዬ…»

የራሷ ድምፅ ነው።

ደግማ ሰማችው። ደግማ። የሚገርማችሁ፣ ባዩሽ ከሁሉ በፊት የተሰማት ፍርሃት አልነበረም። እኔን ስትነግረኝ ያንገፈገፈኝም እዚህ ጋ ነው። ቀናች። በዚያ ድምፅ ቀናች። የእሷው ድምፅ ሆኖ፣ እሷ በሕይወቷ እንደዚያ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ድካም የለበትም። ችኮላ የለበትም። ልጅ ከመጥራቱ በፊት ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረ ድምፅ ነው።

«ከእኔ ትበልጣለች» አለች ለራሷ። ጮክ ብላ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ሰማች።

ከሥራ ፈቃድ ወጣች። ልጁን ከአጠገቧ አላርቅም አለች። ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ደረቷን እየነካች ታስተምረዋለች።

«እማ በል። እኔ ነኝ እማ። እ… ማ።»

ቃለ አብ በትዕግሥት ያያታል፣ ሰው ቤት የመጣ እንግዳ እንደሚታይ።

«በል እንጂ ልጄ… እማ።»

ልጁ ትከሻዋን አሻግሮ አየ። ፊቱ በራ።

«እማ!»

«ወዬ!» አለች ባዩሽ። ጮኸች። ለመቅደም ነው የጮኸችው።

ልጁ ደንግጦ አለቀሰ። ከንፈሩ እስኪጠቁር አለቀሰ። አቀፈችው፤ ገፋት። ጡቷን አወጣች፤ ፊቱን አዞረ። እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ…

«እሽሽሽ…»

ከጀርባዋ ነው። ከአንገቷ ሥር። ትንፋሹ ፀጉሯን ነክቷታል፤ ሞቅ ያለ ነው፣ ወተት ወተት ይላል።

ልጁ ወዲያው ዝም አለ።

ባዩሽ አልዞረችም። ልጁን ብድግ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ፣ በሩን በርግዳ ወደ ግቢው ወጣች።

ውጪው ቀን ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ የተሰጣውን ልብስ ያርገበግባል። አከራያቸው ጋሽ ገብረ ሕይወት እንደ ልማዳቸው ግቢው በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰው ስታይ ባዩሽ ነፍሷ መለስ አለላት። ፊት ለፊታቸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። ሁለት ዓመት እዚህ ግቢ ኖራለች። ልጁ ክርስትና ሲነሳ ድንኳን ያስተከሉላት እሳቸው ናቸው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉ በአክብሮት። «አዲሷ ሞግዚት አንቺ ነሽ?»

ባዩሽ የሚቀልዱ መሰላት። ፊታቸውን አየችው። አይቀልዱም።

«ጋሽ ገብረ ሕይወት… እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ጉሮሮዋን ያዘች። ትንፋሽ ይወጣል፣ ቃል አይወጣም።

«አይዞሽ፣ ትለምጃለሽ። እናቱ ጥሩ ሴት ናት» አሉና ከትከሻዋ በላይ ወደ ቤቱ አይተው ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉ። ሰው ሰላም ሲሉ እንደሚያደርጉት።

የግቢው በር ተከፈተ። ፍቃዱ ነው። ከፈረቃ መመለሱ ነው። ባዩሽ ብድግ አለች። እግሩ ላይ መውደቅ ቀራት። እጁን ያዘችው፣ ጨበጠችው፣ ነቀነቀችው።

ፍቃዱ አየት አደረጋት። ትሑት ፈገግታ ነበር፣ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ።

«እህቴ፣ ልቀበልሽ። ከብዶሽ ይሆናል» አለና ልጁን ከእቅፏ ወሰደ። ወደ ቤቱም ጮክ ብሎ፣ «ባዩ! ሞግዚት ማግኘትሽን አልነገርሽኝም እኮ!» አለ።

«ዛሬ ናት የመጣችው» አለ ከበሩ የባዩሽ ድምፅ።

ያኔ ዞረች።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። የባዩሽን ሹራብ ለብሳለች። ፊቷን የበሩ ጥላ ሸፍኖታል፤ የሚታየው የተዘረጉት እጆቿ ናቸው። ፍቃዱ ልጁን ሰጣት። ቃለ አብ አንገቷን አቅፎ ጉንጩን ደረቷ ላይ አሳረፈ።

«እማ» አላት።

ባዩሽ እንዲህ ብሎ ሲጠራ ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም። ሙሉ ቃል ነበር። ከንፈር የገጠመበት ድምፅ አልነበረም፤ የሚጠራትን የሚያውቅ ልጅ ነበር። ባዩሽ ከመፍራቷ በፊት፣ ከማበዷም በፊት፣ ቅናቱ ነው እንደ እሳት የለበለባት። የእኔ ነበር፤ ዝም ባልል ኖሮ የእኔ ነበር።

ሴትዮዋ ልጁን ታቅፋ ወደ ውስጥ ለመግባት ዞረች።

ጀርባዋ ላይ ሌላ ልጅ ታዝሏል።

ከቃለ አብ ከፍ ይላል። ራቁት ትከሻው በአሮጌ ማዘያ ተጠቅልሏል። ፀጉሩ አቧራ ለብሷል። አሁን አዲስ ልጅ ስላለ ማንም የማያየው፣ ማንም የማያባብለው ልጅ ነው። አንገቱን አዙሮ ግቢውን ቃኘ። ጋሽ ገብረ ሕይወትን አለፈ። ፍቃዱን አለፈ።

ዓይኑ ባዩሽ ላይ አረፈ። ከንፈሩን ገጠመ።

«እማ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። የሰማውም ያለ አይመስልም። የአንድ ሰው ልጅ ነበር፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነች እናት፣ አንዴ ዝም ያለችው። ይሄን ባዩሽ አውቃዋለች። ከመለሰች እሷም እንደዚያች ሴት የሌላ እናት ልጅ የምትወስድ እንደምትሆን፣ ዝም ማለት እንደነበረባትም አውቃለች።

ጉሮሮዋ ተከፈተ። በሕይወቷ አውጥታው የማታውቀው ድምፅ መጣላት። ለስላሳ ነው፣ ድካም የለበትም፣ ችኮላ የለበትም።

«ወዬ…» አለችው።